ሴባስቶፖልን እንወዳለን፣ ካሊፐርን ግን አናውቀውም

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ስለ ጥይት ነው የማወራው። አትደንግጡ፤ ፖለቲካ ፈልጎ የመጣ ሰው ካለ ግን ከወዲሁ ይለፈኝ። የኔ ጉዳይ ልክ ነው። በሚሊ ሜትር የሚለካው ልክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ደብረ ታቦር ያስተማርኩት፣ አሁን አሜሪካ የሚኖር አንድ ልጅ ሰሞኑን በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። ያለበት ቦታ ሕጉ ስለሚፈቅድ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢላማ ተኩስ ይለማመዳል። ጥይት ውድ ነው። ስለዚህ እዚያ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው የተተኮሰውን የሽጉጥ ቀለህ ይሰበስባል፣ ያጸዳል፣ ወደ ልኩ ይመልስና እንደገና ይሞላል። ጥያቄው ይህ ነበር፦

"ቲቸር፣ የምሰማው ሁሉ 'ቀለህ በተተኮሰ ቁጥር ይረዝማል' ነው። እኔ ግን የዘጠኝ ሚሊ ሜትር ቀለሆቼን ስለካቸው እያጠሩ ነው። መለኪያዬ ተበላሽቶ ነው ወይስ ፊዚክሱ ነው የተሳሳተው?"

ፊዚክሱ አልተሳሳተም። በአደባባይ የምመልስለት ግን ጥያቄው ስለከበደኝ አይደለም። መልእክቱ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረጋት አንዲት ነገር እንቅልፍ ስለነሳችኝ ነው። "ያውቃሉ ቲቸር፣ ካሊፐር በእጄ የያዝኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ነው" ይላል።

ይህ ልጅ ፈተና ላይ የቬርኒየር ካሊፐር ሥዕል ሲቀርብለት ንባቡን አስልቶ በትክክል የሚመልስ ልጅ ነበር። ሥዕሉን አሳምሮ ያውቀዋል። ዕቃውን ግን አያውቀውም። የጋፋት አገር ልጅ ነው እንግዲህ!

ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን ልመልስ። ቀጥለን ወደ ጋፋት እንሄዳለን። መጨረሻ ላይ ደግሞ እናንተን የምጠይቃችሁ አለኝ።

ቀለህ የባሩድ ከረጢት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሲተኮስ ምን እንደሚሆን እስቲ አስቡት። ባሩዱ በቅጽበት ወደ ጋዝ ይለወጣል። በተለመደው የዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ የሽጉጥ ጥይት ውስጥ የሚፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 2,350 ባር ነው። በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ጋር ብታወዳድሩት ወደ 1,000 እጥፍ ይሆናል። ይህን ሁሉ ግፊት ወደ ኋላ አምልጦ የተኳሹን ፊት እንዳያገኘው የሚከለክለው ያቺ ስስ የናስ ቱቦ ናት። ናሱ በግፊቱ ይነፋና ከብረቱ ግድግዳ ጋር ይለጠፋል፤ ክፍተቱን ይደፍናል። እርሳሱ ወጥቶ ግፊቱ ሲወርድ ደግሞ ትንሽ ሰብሰብ ይላል፤ ስለዚህ በቀላሉ ተስቦ ይወጣል። ክፍል ውስጥ "ኢላስቲክ" እና "ፕላስቲክ" እያልን የተማርነው ማለት ይሄ ነው። ሰብሰብ ያለው ኢላስቲኩ ነው፤ እንደተነፋ የቀረው ፕላስቲኩ ነው።

ጣጣው ያለው እንደተነፋ በቀረው ላይ ነው። አንዴ የተተኮሰ ቀለህ ወፍሯል። እንዲያው ዝም ብሎ ቢሞላ ወይ አልገባም ይላል፣ ወይ እርሳሱን ላላ አድርጎ ይይዛል። ላላ ያለ እርሳስ ደግሞ ጥይቱ በሽጉጡ ውስጥ ሲገፋ ወደ ቀለሁ ሆድ ይሰምጣል። ያን ጊዜ የባሩዱ ቦታ ይጠብባል፣ ግፊቱ ከልኩ ያልፋል። ለዚህ ነው ቀለሁ ከመሞላቱ በፊት ልኩን በጠበቀ ጠንካራ የብረት ቅርጽ ውስጥ በኃይል ተጭኖ እንዲያልፍ የሚደረገው። ወፍሮ ይገባል፣ ቀጥኖ ይወጣል።

ርዝመቱስ? የጠመንጃ ቀለህ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠርሙስ አንገት አለው፤ ግፊቱም ከሽጉጥ በጣም ይበልጣል። ሲተኮስና ወደ ልኩ ሲመለስ ናሱ ወደ አንገቱ አቅጣጫ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ ቀለሁ ይረዝማል። ስለዚህ አፉ በየጊዜው ይከረከማል። "ቀለህ ይረዝማል" የሚለው ወሬ የመጣው ከዚያ ነው፤ ለጠመንጃ እውነት ነው። የሽጉጥ ቀለህ ግን ብዙው ቀጥ ያለ ቱቦ ነው። ሲተኮስ ወደ ጎን ይነፋል። ወደ ጎን የሚነፋበትን ናስ ከየት ያመጣዋል? ከርዝመቱ ይበደራል። ተጨምቆ ሲቀጥን ያንን ብድር ሙሉ በሙሉ አይመልስም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ያጥራል። ወንድሜ፣ መለኪያህም ደኅና ነው፣ ፊዚክሱም ደኅና ነው።

"ታዲያ ቢያጥርስ ምን ይጎዳል?" ትሉኝ ይሆናል። የዚህ ቀለህ ትልቁ የተፈቀደ ርዝመት 19.15 ሚሊ ሜትር ነው። ወደ ፊት ገብቶ "እዚህ ላይ ቁም" የሚባለው በራሱ አፍ ጫፍ ነው። ከረዘመ አፉ ጠባቡ ቦታ ላይ ይቀረቀራል፣ እርሳሱን አንቆ ይይዛል፣ ግፊቱ ይዘላል። ከመጠን በላይ ካጠረ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባና መቺው መርፌ በደንብ ላያገኘው ይችላል። አንዱ አጭር አንዱ ረዥም ከሆነ ደግሞ እርሳሱን የሚይዙበት ጥብቀት ይለያያል። ሁለቱ ጥይቶች በስም አንድ ናቸው፤ በሥራ ግን አንድ አይሆኑም። እዚያ ያሉ ጠንቃቃ ሰዎች ቀለሃቸውን እያገላበጡ የሚያዩት፣ የሚለኩት፣ የደረቀውንና ስንጥቅ የጀመረውን የሚጥሉት ለዚህ ነው። ናስ ደጋግሞ ሲጨመቅ ይደርቃልና።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አገር "የዘጠኝ ጥይት" ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። ዘጠኝ ግን አንድ አይደለም። ብዙ አገር ያለው ዘጠኝ በአሥራ ዘጠኝ እርሳሱ 9.01 ሚሊ ሜትር ነው። የማካሮቭ ጥይት ዘጠኝ በአሥራ ስምንት ይባላል፤ እርሳሱ 9.27 ሚሊ ሜትር ነው። ዘጠኝ በአሥራ ሰባት የሚባል ሌላ አጭርም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 0.26 ሚሊ ሜትር፣ በግምት ሦስት የፀጉር ዘለላ ውፍረት ነው። በዓይን አይያዝም። ስሙም አይነግራችሁም። በካሊፐር ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

እሺ፣ ከዚች ጣት ከማታህል ቱቦ ተነሥተን ወደ ትልቁ ብረታችን እንሂድ።

ጋፋትን የማያውቅ የደብረ ታቦር ሰው የለም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአውሮፓ የመጡ ሚስዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ያሰፈሩባት፣ ከአገሬው ሠራተኛ ጋር መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ዋልድማየር፣ ሳልሙለር፣ ሞሪትስ ሆል፣ ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ሁሉ እዚያ ነበሩ። ብዙዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ እንጂ መድፍ ሊሠሩ አልመጡም። ንጉሡ ግን "ሥሩልኝ" አሉ፤ ሙከራው ከሽፎ፣ እንደገና ተሞክሮ፣ በስተመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በ1860 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ በጋይንት በኩል፣ የጂዳንና የበሽሎን ገደል ወርዶና ወጥቶ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ እየተሠራ ነው የተሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ፈንቅለዋል። ያንን ዳገት በእግሩ የሄደ ሰው 7 ቶን ብረት መጎተት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። አምሳያው አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሟል። እኛም በየዓመቱ እንኮራበታለን፤ መኩራታችንም ተገቢ ነው።

ግን አሮጌ ላይ ምን ሆነ?

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ የቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ እየተመራ ከመቅደላ አምባ ሥር አሮጌ ሜዳ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ገጠመ። የእንግሊዝ ወታደሮች የያዙት ጠመንጃ ስናይደር ይባላል። ጦር ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነው እዚያው በኛ አገር ነው። ልብ በሉ፣ ስናይደር ከባዶ የተፈጠረ አዲስ ጠመንጃ አልነበረም። በአፉ የሚጎርስ የነበረው ኤንፊልድ ከኋላው ተቆርጦ በር የተበጀለት ነው። እውነተኛው አዲስ ነገር ጥይቱ ነበር። ኤድዋርድ ቦክሰር የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ያዘጋጀው፣ ከስስ ናስ የተጠቀለለ፣ ባሩዱን፣ እርሳሱንና ማቀጣጠያውን በአንድ ላይ የያዘ ቀለህ።

በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ባሩድ አፍስሶ፣ እርሳስ ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ በደቂቃ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቢተኩስ ጎበዝ ነው። ስናይደር የያዘው አሥር ጊዜ ያህል ይተኩሳል። ያን ቀን ከኛ ወገን 700 ያህል ሰው ወደቀ፤ ገብርዬም ከእነሱ አንዱ ነበር። ከእንግሊዝ በኩል የሞቱት ሁለት ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ።

የዚያን ቀን ውጊያ 7 ቶኑ አልወሰነውም። የወሰነችው ያቺ የናስ ቱቦ ናት።

ይህን የምለው ንጉሡን ለመንቀፍ አይደለም፤ አፌን ይቁረጠኝ። በዚያ ዘመን "አውሮፓ የደረሰበት ሥራ እዚህ ይሠራ" ብሎ እንቅልፍ ያጣ መሪ ነበሩ። ጊዜ ግን አልሰጣቸውም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ወዲህ ከታሪኩ የመረጥነው ነገር ነው። ከጋፋት ትልቅነቱን ወሰድን፣ ክብደቱን ወሰድን፣ ጉተታውን ወሰድን። ሴባስቶፖል አንድ ነው፤ አንድ ብቻ የሆነ ነገር ደግሞ ከማንም ጋር እኩል መሆን አይጠበቅበትም። ቀለህ ግን እንደዚያ አይደለም። ሺው ከሺው፣ ሚሊዮኑ ከሚሊዮኑ እኩል ካልሆነ ዋጋ የለውም። አንዱን ትልቅ ነገር በጉልበትና በወኔ መሥራት ይቻላል። ሚሊዮኑን እኩል አድርጎ ለመሥራት ግን መለኪያ ይዞ የሚያድግ ትውልድ ያስፈልጋል።

የሚገርመው፣ ሕዝባችን ይህን ነገር በገበያ ደርሶበት ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይሠራ እንደነበር ታውቃላችሁ? ውጅግራ ማለት የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ ነው፤ ፈረንሳዮች "ፊዚ ግራ" ሲሉት እኛ ውጅግራ አልነው። ማርትሬዛ ብር ለትንሽ ግዢ ትልቅ ስለሆነ፣ ከአሞሌ ጨው ጋር ጥይቱ እንደ ዝርዝር ይሰጥ ይቀበል ነበር። አሞሌ ይሸረፋል፣ ዝናብ ያሟሟዋል፤ ስለዚህ ተቀባዩ አገላብጦ ያየዋል። ጥይቱ ግን የትም ገበያ ሂዱ አንድ ዓይነት ነው። ቀለሁ 59 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ 11 ሚሊ ሜትር። ገበሬው ሳይለካ የተቀበለው ሌላ ሰው በሩቅ አገር ለክቶ ስለላከለት ነው። እምነቱ የመጣው ከልኩ ነው።

ባዶው ቀለህም አይጣልም ነበር፤ በአገር ባሩድ እንደገና ይሞላ ነበር። አያቶቻችን ያለ ፋብሪካ፣ ያለ ካሊፐር፣ በእጃቸው ሞልተው ተኩሰዋል። ብልሃታቸውን አደንቃለሁ። ግን ሙሉውን እንናገር ከተባለ፣ የዚያ ዘመን ጥቁር ባሩድ ራሱ ስህተትን ይታገሥ ነበር። ቀለሁን ጢም አድርጎ ስለሚሞላ ድርብ ልሙላ ብትሉ ቦታ አይገኝም። የዛሬው ጭስ አልባ ባሩድ ግን ኃይለኛ ነው፣ ቦታውም ትንሽ ነው። ድርብ ቢገባ እንኳ ከውጭ አይታወቅም። የሚታወቀው ሽጉጡ እጅ ላይ ሲፈነዳ ነው።

ልክ አለመገጣጠሙ በጦርነትም አስከፍሎናል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የተሰለፈው ሠራዊት ውጅግራ፣ ሬሚንግተን፣ ማርቲኒ ሄንሪ፣ ቬተርሊና ሌላም ይዞ ነበር። የሬሚንግተኑ ጥይት ለውጅግራው አይሆንም፤ የቬተርሊው ለሁለቱም አይሆንም። ሁሉም አሥር ወይም አሥራ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ በእጅ ሲይዟቸው ወንድማማቾች ይመስላሉ። በ1928ቱ ጦርነትም የጠመንጃው ዓይነት መብዛት ጥይት ማደሉን ራሱን የቻለ ፈተና አድርጎት ነበር። ጥይት እያለው ጥይት ያጣ ወታደር ማለት ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ለእናንተ ለወጣቶቹ አንድ ነገር ልናገር፤ እንደ መምህር ሳይሆን እንደ ታላቅ ወንድም ስሙኝ። ይህን ያነበበ ሰው "እንግዲያው እኔም ልሞክረው" እንዳይል። አሜሪካ ያለው ልጅ ፈቃድ ካለው ሱቅ የተገዛ ዕቃ፣ በፋብሪካ የተረጋገጠ የልክ ሠንጠረዥና ሕግ አለው። እኛ አገር በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሥራትንም መጠገንንም ይከለክላል። ከሕጉ በፊት ደግሞ ዓይናችሁና ጣታችሁ አሉ። ሜዳ ላይ ያገኛችሁትን ጥይት አትቀጥቅጡ፣ አትፍቱ፣ እሳት አታስነኩ። ለልጆችም ንገሯቸው። ያልተተኮሰ ጥይት ካያችሁ ሳትነኩ ለሚመለከተው ሰው አሳዩ። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮሰውም ያው ወደ ምድር ይመለሳል፤ ሰማይ ጥይት አያስቀርም።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገሬ ልምጣ።

የጋፋትን ስም ወስደን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሰይመንበታል። የሆቴሉን፣ የክበቡንማ ተዉት። ስሙን ለመስጠት ደግ ነን። ግን በጋፋት ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች ስንት ልጅ ካሊፐር ይዞ ያውቃል? ስንቱ ማይክሮሜትር አይቷል? ስንቱ በራሱ እጅ አንዲት ብሎን ለክቶ፣ ለዚያች ብሎን የሚሆን ዳዶ መርጧል? መጽሐፉ ውስጥ ምዕራፉ አለ። ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን እንሥላለን። ልጁ ሥዕሉን ይገለብጣል። ፈተና ላይ ሥዕሉ ይመጣል። ልጁ "ሐ"ን ይመርጣል፤ ያገኛል። እኛም አስተማርን እንላለን፤ እሱም ተማርኩ ይላል።

እኔ ባለ ዲፕሎማ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ትልቅ ነገር አውቃለሁ አልልም። አንድ ነገር ግን በደንብ አውቃለሁ፤ ልክ በጣት ካልተያዘ በጭንቅላት አይገባም። "0.1 ሚሊ ሜትር" የሚለው ቁጥር ለልጁ ባዶ ድምፅ ነው። የራሱን ፀጉር ነቅሎ በማይክሮሜትር የለካ ቀን ግን ነፍስ ይዘራል።

"መምህር፣ ሰላም በጠፋበት አገር በጥይት ምሳሌ ታስተምራለህ?" የሚለኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ስለ ቀለሁ ያልኩት ሁሉ ለሌላውም ይሠራል። ወፍጮ ቤት ሂዱ። ኩሽኔቱ ከዘንጉ ጋር ካልገጠመ ወፍጮው ይንጫጫል፣ ይግላል፣ በሳምንቱ ይቆማል፤ እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ጋራዥ ሂዱ። ፒስተኑ ከልኩ ካነሰ መኪናው ዘይት ይበላል። የውኃ ፓምፕ፣ የሐኪም መርፌና ሲሪንጅ፣ የምትሠሩበት ብዕርና ክዳኑ ሳይቀር የልክ ጉዳይ ናቸው። ቀለህን የመረጥኩት እዚህ አገር ያላየው ልጅ ስለሌለ ነው። የሚያውቀውን ዕቃ ይዤ ወደማያውቀው ልወስደው ብዬ ነው። ደስ የሚለኝ ደግሞ ያ ልጅ አድጎ ቀለህ ሳይሆን የወፍጮ ዘንግ ሲለካ ባየው ነው።

ሌላው ክርክር "ድህነት ነው፣ በጀት የለም" የሚለው ነው። ለላቦራቶሪ ሕንፃ በጀት ላይኖር ይችላል፤ እሺ። ካሊፐር ግን ሕንፃ አይፈልግም፣ መብራት አይፈልግም፣ ኬሚካል አይፈልግም። በኪስ ይያዛል። አንድ የምረቃ ድግስ ላይ የሚወጣው ወጪ ለአንድ ክፍል ተማሪ በሙሉ ይበቃል። በጀቱ የጎደለው ከሐሳቡ በኋላ ነው። መጀመሪያ የጎደለው መለካት ቁም ነገር ነው ብሎ ማሰቡ ነው።

ይህ ደግሞ ሥሩ ሩቅ ነው። እኛ ጋ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸክላ የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሸምነውን ሰው ምን እያልን እንደኖርን ታውቃላችሁ። "ጠይብ" አልነው፣ "ቡዳ" አልነው፣ ከሱ ጋር መጋባትን ነወር አደረግን። እጁ የሠራውን ማረሻ ይዘን አርሰን፣ እሱን ግን ከማዕድ አራቅነው። ቴዎድሮስ በዘመናቸው ባለ እጅን አጠገባቸው አስፍረው፣ ሸልመው፣ አክብረው ያዙ፤ ከጋፋት ከመድፉ ይልቅ እኔን የሚያኮራኝ ይህ ነው። ዛሬ "ቡዳ" ማለቱ እየቀረ ይሆናል። ግን ልጃችን ቴክኒክና ሙያ ገባ ሲባል ፊታችን የሚጨማደደው ለምንድነው? "ውጤት ስላልመጣለት ነው" ብለን የምናስተባብለው ለምንድነው? ቶርኖ ቤት ቆሞ ብረት በመቶኛ ሚሊ ሜትር የሚላጨው ልጅ፣ ሥዕል አይቶ "ሐ" ከሚመርጠው ልጅ በምን ያንሳል? በኔ ሚዛን አያንስም። በብዙ ነገር ይበልጣል እንጂ።

እናቶቻችን "መጥኖ መደቆስ" ይላሉ። መመጠን ከመደቆስ በፊት ነው። እኛ ግን ድቆሳውን ለምደን ምጠናውን ረሳን።

እንግዲህ ቃል በገባሁት መሠረት የምጠይቃችሁ እነሆ። ከባድ አይደለም።

1. አገር ውስጥም ውጭም ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ የተማራችሁበትን ትምህርት ቤት አስቡ። ለኔ ትምህርት ቤት ብቻ አላልኩም፤ ፋርጣም ይሁን ክምር ድንጋይ፣ ንፋስ መውጫም ይሁን እስቴ፣ የየራሳችሁን። አምስት ካሊፐርና አንድ ማይክሮሜትር ይበቃል። ገንዘብ ለኔ አትላኩ፤ ዕቃውን ገዝታችሁ ለትምህርት ቤቱ በደረሰኝ አስረክቡ።

2. መምህራን ወዳጆቼ፣ ዕቃው እስኪመጣ አትጠብቁ። በወረቀት የተቆረጠ የቬርኒየር ሞዴል ልጁ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ስህተቱ ብዙ ነው፤ ግን ለምን ስህተቱ እንደበዛ መወያየቱ ራሱ ግማሽ ትምህርት ነው። የክፍል ሥራ ስትሰጡ "ለካችሁ አምጡ" በሉ። የብሎን ውፍረት፣ የሽቦ ውፍረት፣ የሳንቲም ዲያሜትር። ሁሉም ያመጣው ቁጥር ሲለያይ ከዚያ ተነሡ።

3. ቶርኖ ቤትና ጋራዥ ያላችሁ ባለሙያዎች፣ በወር አንድ ቀን ሁለት ሦስት ልጆች ቆመው ሲያዩ ይከፋችኋል? አይመስለኝም። እኛ መጥተን እንጠይቃችኋለን፤ በራችሁን ብቻ ክፈቱልን።

4. ጋፋትን ለጎብኚ የምታሳዩ ልጆች፣ "7 ቶን ይመዝናል" ብላችሁ አታቁሙ። ብረቱ እንዴት ቀለጠ፣ የመጀመሪያው ለምን ከሸፈ፣ የውስጡ ክብነት እንዴት ተለካ፣ ለምን ነው ውስጡ ልክ ካልሆነ መድፉ የሚፈነዳው? ይህን ጨምሩበት። ጎብኚው ፎቶ አንሥቶ ብቻ ሳይሆን ጥያቄ ይዞ ይመለስ።

ተማሪዬ ሆይ፣ ስለ ጥያቄህ አመሰግናለሁ። ቀለህህ ማጠሩ ጤናማ ነው፤ የተሰነጠቀውን ግን ሳትሳሳ ጣል። ዓይንህን በመነጽር ሸፍን፤ ከተሰጠህ ሠንጠረዥ በፀጉር እንዳትወጣ። ካሊፐሩን ደግሞ ስትጨርስ በዘይት ጨርቅ ጠርገህ አስቀምጠው፤ ብዙ ዘመን ያገለግልሃል።

እናንተ ደግሞ ከታች በአስተያየት መስጫው አንዲት ነገር ጻፉልኝ፦ ካሊፐር በእጃችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ የያዛችሁት መቼና የት ነው? "እስካሁን አልያዝኩም" የሚል ካለም ሳያፍር ይጻፍ። ዝርዝሩን ሰብስቤ ለሚመለከተው ክፍል ይዤ መሄድ እፈልጋለሁ። ከኔ ወሬ ይልቅ የእናንተ ቁጥር የበለጠ ይናገራል።

መልካም ሰንበት። ጉና ላይ ያለው ብርድ እንዳለ ነው፤ ጋቢያችሁን አትርሱ።